መልእክት ያላቸው የጎዳና ሩጫዎች ላይ የሮጣችሁ፣ የትኛው ነው በእውነት የሚያሮጠው?

ሶምሶማ_ሜክሲኮ

ሰላም ለሯጮችም ለሯጭ ነን ባዮችም። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በለገሃር አድርጌ እስከ መስቀል አደባባይ ሶምሶማ እሮጥና እመለሳለሁ፣ ያውም ጉልበቴ ፈቃደኛ ከሆነ። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል፣ በዚህም አላፍርም።

ጥያቄዬ ስለነዚህ መልእክት ስላላቸው ሩጫዎች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እሁድ ጠዋት ለሆነ ነገር የማይሮጥበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ለሰላም፣ ለጤና፣ ለደም ልገሳ፣ ለችግኝ ተከላ፣ ለሆነ መሥሪያ ቤት የልደት በዓል። እኔ ደግሞ ሩጫ አለ ከተባለ አላስችል ይለኛል፣ እመዘገባለሁ። ቲሸርቶቹ ቁም ሳጥኑን ሞልተውት ባለቤቴ ግማሾቹን መወልወያ አድርጋቸዋለች። "ሰላም" የሚለው አሁን የወጥ ቤታችንን ወለል እያገለገለ ነው።

ባለፈው የሮጥኩት ግን ልቤን አወለቀው። የአዘጋጁን ስም አልጠራም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተገኙ ተባልን፣ ተገኘን። የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከዚያ የክብር እንግዳው እስኪመጡ ተጠበቀ። መጡ። ንግግር ተደረገ፣ ሌላ ንግግር ተከተለ፣ ስፖንሰሮች በየተራ ተመሰገኑ፣ ያሟሟቅነው ሰውነት ተመልሶ ቀዘቀዘ፣ ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። ፊሽካው ሲነፋ ፀሐይዋ ከረር ብላለች። 5 ኪሎ ሜትር የተባለው ሩጫ በእጅ ሰዓቴ 4 እንኳን ሳይሞላ "ጨርሳችኋል" ተባልን። ውሃ አልቋል። ሜዳሊያም አልቋል። "ስልክ ቁጥራችሁን ተዉልን" አሉ፣ እስካሁን የደወለ የለም።

ታላቁ ሩጫ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ ግን እሱም ላይ እንደ ልቤ መሮጥ አልቻልኩም። ከፊቴ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ፣ ከኋላዬ ከበሮ፣ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ለመሮጥ የመጣ ሰው ምን ይሁን?

እና የትኛው ሩጫ ነው ገንዘቡም ጠዋቱም የማይቆጭበት? ታላቁ ሩጫ ላይ የምር መሮጥ ይቻላል? ደግሞ ባለቤቴ ዘንድሮ ቅድሚያ ለሴቶችን ልሩጥ ብላለች። ሮጣ አታውቅም። ለሷ የምትሉት ካለ ጻፉልኝ።

ቸርችል_ዳገት

ወንድሜ፣ አንተ ስብሰባ ላይ ነው የተገኘኸው። ቲሸርት ስላለበሱህ ሩጫ መሰለህ።

እኔ ከመመዝገቤ በፊት የማየው ማስታወቂያውን ነው። ከየት ተነስቶ በየት በየት አልፎ የት እንደሚያልቅ ተጽፎ ካገኘሁ እመዘገባለሁ። መንገዱ ሳይጻፍ የአርቲስቶች ፎቶ ብቻ ከተደረደረ ያ ኮንሰርት ነው፣ ቤቴ እተኛለሁ። ይሄን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ እሁድ አትርፌያለሁ።

ታላቁ ሩጫ ላይ መሮጥ ይቻላል። ማን ነው አይቻልም ያለው? አትሌቶቹ ከሕዝቡ ተለይተው ነው የሚለቀቁት፣ ስለዚህ እነሱን አታስብ። ዋናው ሕዝቡ ውስጥ የት ቆመሃል የሚለው ነው። ማልደህ ውጣ። ታክሲ አትጠብቅ፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ ከሜክሲኮ በእግርህ ና፣ ለማሟሟቂያም ይሆንሃል። ፊት ካሉት ጋር ቁም። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ጠርዝ ይዘህ ሩጥ፣ መሃሉ የጨፋሪዎች ነው። የሙዚቃ ባንድ ያለበት ቦታ ስትደርስ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ዳር ሂድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሙዚቃው ስለሚሳብ በዚያኛው በኩል ክፍት ታገኛለህ። ሰዓትህን ፊሽካ ሲነፋ እንዳታስነሳው። የመነሻውን መስመር ስትረግጥ አስነሳው፣ በመሃሉ ብዙ ደቂቃ ይበላል።

ሌላ ነገር። ውጭ አገር ያለ ዘመድህ "10ሩን በ50 ደቂቃ ገባሁ" ብሎ ቢፎክርብህ አትደንግጥ። እሱ የሚሮጠው ባሕር ዳርቻ ነው፣ አንተ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነህ። አየሩ ስስ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ከሱ ያንሳል። በዚያ ላይ መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ። ስሜን ያወጣሁት ከቸርችል ጎዳና ነው። ከለገሃር ተነስተህ በጥቁር አንበሳ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ እያልክ ማዘጋጃ ቤት እስክትደርስ ቀስ እያለ ይጨርስሃል። ከታች ስታየው ምንም አይመስልም። ቴዎድሮስ ጋ ስትደርስ ነው ነፍስህ የምትወጣው።

መልእክቱን በተመለከተ፣ ቲሸርት ላይ የታተመ ጽሑፍ ነው። ሰኞ ማንም አያስታውሰውም።

የአራት_ኪሎዋ

"ማንም አያስታውሰውም" ያልከው ወንድ ስለሆንክ ነው፣ እንዳትቀየመኝ።

እኔ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ነው የምሮጠው፣ አንዳንዴ እስከ ጃንሜዳ። "ማን አባረረሽ?" "ቀስ በይ ትወድቂያለሽ!" "እኔ ልሩጥልሽ?" ይሄ ጨዋው ነው፣ ሌላውን እዚህ አልጽፈውም። ወያላው ሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ያጨበጭብልኛል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፋለሁ፣ ግን ሰው ነኝ፣ አንዳንድ ቀን አንገቴን ደፍቼ ቤቴ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ረጅም ሱሪ ላይ ሹራብ ደርቤ፣ በሙቀት እየታፈንኩ የምሮጠውም ለዚሁ ነው።

ቅድሚያ ለሴቶች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሴቶች ቀን ሰሞን ይሮጣል። 5 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ጠዋት አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ሴት ነው። ቲሸርቱን በቀሚስ ላይ ያጠለቁ እናቶች አሉ። ተማሪዎች አሉ፣ የቢሮ ሰዎች አሉ፣ እልልታ አለ። ፊት ላይ የምር አትሌቶች ለሽልማት ይወዳደራሉ። እኔ በቁምጣ እሮጣለሁ፣ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ለአንተ "መልእክት" ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ በዚያች ጠዋት ትከሻዬ ሲላቀቅ ይሰማኛል። እውነት ነው፣ ሰኞ ወያላው እዚያው በሩ ላይ ነው። እሁድን ግን አልሰጣቸውም።

ለባለቤትህ፦ ትሩጥ እንጂ! ሮጣ ባታውቅም ችግር የለውም፣ ግማሹ ሰው እየተራመደ ነው የሚጨርሰው። ከአሁኑ በሳምንት ጥቂት ቀን ትንሽ ሮጥ ትንሽ ራመድ ታድርግ፣ መናገር እስከሚያቅታት አትፍጠን። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን ብላ እንዳትገዛ፣ ከገዛችም ቀደም ብላ ትልበሰው፣ ያለዚያ ተረከዟ ይላጣል። ጡት መያዣዋ ጠበቅ ያለና የሚደግፍ ይሁን። ይሄን የሚነግራት ስለሌለ ነው የምጽፈው፣ አሠልጣኙ ሁሉ ወንድ ነው። ጠዋት ከባድ ቁርስ አትብላ፣ በሶ በጥብጣ ትጠጣና ትውጣ።

አንተ ደግሞ ቦርሳ ያዥ ነህ። መድረሻው ጋ ቆመህ አጨብጭብ።

ውሃ_አዳይ

የተለያዩ ሩጫዎች ላይ በበጎ ፈቃድ ውሃ አድያለሁ፣ መንገድ ላይም ቆሜያለሁ። ሶምሶማ ለምን 5ቱ ኪሎ ሜትር 4 እንደሆነብህ ልንገርህ፣ ቢያንስ እኔ ያየሁትን።

ትናንሽ አዘጋጆች መንገዱ እንዲዘጋላቸው የሚፈቀድላቸው ለተወሰነ ሰዓት ነው። ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ መንገዱን መክፈት አለበት፣ ከተማው መሃል ነው፣ አምቡላንስ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውሎ የሚመለስ ሰው አለ። እንግዳው ዘግይተው መጡ እንበል። ንግግሩ አይቀነስም። ስፖንሰሩ አይቀነስም፣ ብሩን ከፍሏል። ታዲያ ምን ይቀነሳል? ሩጫው። እኔ ባለሁበት አንድ ጊዜ የመዞሪያውን ኮን አንስተው ወደዚህ አምጥተው ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። ሯጩ ምንም አላወቀም፣ ዞሮ ሄደ።

በርግጥ የእጅ ሰዓትንም ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ረጃጅም ፎቆች መሃል ወይም የባቡሩ ድልድይ ሥር ስትሮጥ የሳተላይቱ ምልክት ይንገዋለላል፣ ትንሽ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። በደንብ የሚለካ የሩጫ መንገድ የሚለካው በብስክሌት ነው፣ ጎማው ላይ የዙር መቁጠሪያ ይታሰርና ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ይዞ ይነዳል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ሜትር ልዩነት ካየህ ሰዓትህ ወይም በየኩርባው ሰፍተህ መዞርህ ሊሆን ይችላል። አንድ ሙሉ ኪሎ ሜትር ከጎደለ ግን ሰዓትህ አልዋሸም።

አንድ ልመና ልጨምር፣ ርዕሱ ባይሆንም። ሃይላንዱን ጠጥታችሁ መሃል አስፋልት ላይ አትወርውሩት። ክዳኑንም። ከኋላ የሚመጣው ሰው ይረግጠዋል፣ ያንሸራትታል፣ እናቶች ሲወድቁ አይቻለሁ። ወደ ዳር ወርውሩት፣ እኛ እንለቅመዋለን። ውሃ የሚያልቅበት ምክንያትም አንዳንዴ አዘጋጁ ብቻ አይደለም። አንዱ መጥቶ አንዱን ጠጥቶ፣ አንዱን ራሱ ላይ አፍስሶ፣ ሁለት ደግሞ በብብቱ ይዞ ይሄዳል። ከኋላ ለሚመጣው ማን ያስብ?

የድሮ_ቲፎዞ

ልጆች፣ ሳነብ ቆይቼ አላስችል ብሎኝ ነው።

ድሮ በዚህ ከተማ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ አትሌት ነው፣ ወይ ወታደር ነው፣ ወይ ሌባ ነው። ደህና ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ሲሮጥ ከታየ "ምን ገጠመው?" ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ስታዲየም ገብተን ሩጫ እናያለን፣ በሬዲዮ እንሰማለን፣ ራሳችን መሮጥ ግን አይታሰብም ነበር።

ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ቀድሞት ወርቁን ወሰደ። እኔ ያን ቀን ስጮህ ድምፄ ተዘግቷል። በዓመቱ፣ ኅዳር 1994 ላይ፣ ታላቁ ሩጫ ተጀመረ። 10,000 ሰው ወጣ። ያን ጊዜ ይሄ ጉድ ነበር! ኃይሌ ራሱ ሮጦ ራሱ አሸነፈ፣ ሌላ ማን ሊያሸንፍ። እኔ መጀመሪያ ላይ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት። አንድ የማውቀው ቦርጫም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በካኒቴራ እየሮጠ ሲያልፍ አየሁና ለካ ይቻላል አልኩ። በኋላ እኔም ገባሁ። አሁን የሚወጣው ሕዝብ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው። እኔ ከልጅ ልጆቼ ጋር እየተራመድኩ ነው የማጠናቅቀው፣ እነሱ ይጨፍራሉ፣ እኔ ያዝ ለቀቅ እያደረግሁ እከተላለሁ።

ቸርችል የሚለው ልጅ ስለ መልእክቱ የተናገረው ለኔ ግማሹ ልክ ነው። ቲሸርቱ ላይ የሚታተመው የስፖንሰሩ ነው፣ እሱን እኔም ረስቼዋለሁ። ግን ጆሮ ያለው ሰው የሚሰማው ሌላ መልእክት አለ። ወጣቱ "ሆ!" እያለ የሚቀባበለው ግጥም። የኑሮ ውድነት አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ ኳስ አለበት፣ ሹማምንትን ሸንቆጥ የሚያደርግም አይጠፋበትም። ከተማው በዚያ ዓመት ምን እንዳበሳጨውና ምን እንዳስደሰተው ለማወቅ ጋዜጣ ከማንበብ እዚያ መሃል መራመድ ይሻላል እላለሁ። ልጄ ሶምሶማ፣ ጨፋሪዎቹ መንገድ ዘጉብኝ ብለሃል። ባይኖሩ ኖሮ ጃንሜዳ ሄደህ ብትሮጥ ምን ልዩነት ነበረው?

ሃያ_ሁለት

ጋሼ በትክክል ተናገሩ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

እኔ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ለመሮጥ ብቻ ከሆነ ለምን ትከፍላለህ? መንገድ ለሰው በሚባለው እሁድ መንገዱ ለተሽከርካሪ ሲዘጋ ውጣና ሩጥ። ንግግር የለም፣ ቲሸርት የለም፣ ነፃ ነው። ከ2011 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፣ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ጠዋት በማለዳ ከወጣህ ማንም አይጋፋህም። እኛ ከጓደኞቼ ጋር የራሳችንን "ሩጫ" እናደርጋለን፣ ጭብጡም ሁሌ አንድ ነው፣ የመጨረሻ የገባ የሁላችንንም ቁርስ ይከፍላል። ጨጨብሳ በማር። እንደዚያ ስሮጥ አይታችሁኝ አታውቁም።

ቸርችል_ዳገት

ሃያ ሁለት፣ መንገድ ለሰው ላይ ሮጫለሁ። ኳስ የሚጫወት ሕፃን፣ ስኬቲንግ የሚማር፣ ብስክሌት የሚያከራይ። ከታላቁ ሩጫ በምን ይለያል? የእግረኛ መንገዱ ላይ ያለው ታይል ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ በክረምት እዚያ ላይ ፍጥነት አትሞክሩ።

ለአራት ኪሎዋ፦ አልተቀየምኩም። ያልሽው ገብቶኛል። ቅድሚያ ለሴቶችን "ከቲሸርት ጽሑፍ" ውስጥ አውጥቼዋለሁ። ሌሎቹ ግን እዚያው ናቸው።

የአራት_ኪሎዋ

ለጋሼ ስትሸነፍ ዝም፣ ለኔ ሲሆን "ሌሎቹ ግን"። እሺ ይሁን።

ሶምሶማ_ሜክሲኮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ቦርጫሙ ኃላፊ ጋ ስደርስ ሆዴን አየችና ሳቀች።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። መንገዱ ያልተጻፈበት ሩጫ ላይ ከእንግዲህ አልመዘገብም። ታላቁ ሩጫ ላይ እንደ ቸርችል ምክር ማልጄ ፊት እቆማለሁ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ጠርዝ ይዤ በራሴ ፍጥነት እሮጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጨፋሪ ካገኘሁ አልምልም። ውሃ አዳይ፣ ሃይላንድ በብብቱ ይዞ የሚሄደው ሰውዬ እኔ አይደለሁም፣ ግን የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ጽሑፍህን ልኬለታለሁ።

ባለቤቴ መለማመድ ጀምራለች። ጠዋት አብረን ነው የምንወጣው። ወያላው እኔ አጠገቧ ስላለሁ ነው መሰለኝ ምንም አላለም፣ የአራት ኪሎዋ ያልሽው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብቻዋን ስትወጣ ምን እንደሚሏት ጠየቅኳት። "አንተ ቦርሳህን ያዝ" አለችኝ። ጽሑፍሽን ለካ ራሷም አንብባዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቲሸርቱ ሲታደል ልኩን መምረጥ ይቻላል? ከዚህ በፊት የደረሰኝ ሁሉ ትልቅ ነው፣ እሷ ደግሞ ቀጭን ናት፣ ቀሚስ ነው የሚሆንባት።

የአራት_ኪሎዋ

ቀድማ ከሄደች ትንሹን ታገኛለች፣ በመጨረሻው ቀን ከሄደች የሚቀረው ትልልቁ ብቻ ነው። ካልሆነላት ደግሞ እዚያው ሰልፉ ላይ ትጠይቅ፣ ትልቅ ፈልጎ ትንሽ የደረሰው ሰው አይጠፋም፣ ሁሌ ሲቀያየሩ ነው የማየው። ያ ሁሉ ካልተሳካ እጅጌውን በመቀስ ቆርጣ ጎኑን ትቋጥረው፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ለወለል መወልወያ ግን እንዳታውለው በላት፣ ይሄኛውን።

ሶምሶማ_ሜክሲኮ

ነገርኳት። "እሱን ሮጬ ስጨርስ እናያለን" ብላለች።